ጣሪያ አልባ ዝገታም ቮልስ ቤት ውስጥ ስታድስ፦ መጀመሪያ በሩን ዝጋ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የሸራ ጣሪያ ያላት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች ቮልስ ገዝተሃል። ለዓመታት ቆማ ዝጋለች፣ ወለሏም ተበስቷል። «ቤቴ ውስጥ ራሴ ላድሳት ነው፤ ሞተሩን በማውረድ ልጀምር ወይስ ቀለሙን በመፋቅ?» ነው ያልከው።

በሁለቱም አትጀምር። መጀመሪያ በሩን ክፈትና ዝጋ።

ቀልዴን አይደለም። እኔም እንደ አንተው ዓይነት መኪና አድሻለሁ። ስድስት ወር ይበቃኛል ብዬ ገብቼ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የበላው ዝገቱ ሳይሆን የገዛ ችኮላዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፣ ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሪያ ያለው መኪና እንደ ሳጥን ነው፤ ጣሪያው ራሱ አካሉን አስሮ ይይዘዋል። አንድ የጫማ ካርቶን ክዳኑን አውልቀህ በሁለት እጅህ ጠምዝዘው፤ ወዲያው ይገባሃል። ጣሪያ አልባ መኪና ላይ ያን ሁሉ ሸክም የሚችለው ታችኛው ክፍል ነው። በተለይ ከበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሳጥን መሳይ ብረት፣ ደፍ የምንለው። የመኪና አካል የሚሠራው የጀርመኑ ኩባንያ ካርማን ከ1949 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) ጣሪያ አልባዎቹን ቮልሶች ሲሠራ፣ ከዚህ ደፍ ሥር ተጨማሪ ማጠናከሪያ ብረት የበየደው ለዚህ ነው። ክፉው ዕጣ ደግሞ፣ ቮልስ ላይ የማሞቂያው ሙቅ አየር ከሞተሩ ወደ ፊት የሚያልፈው በዚሁ ደፍ ውስጥ ነው። ባዶ ቱቦ ስለሆነ እርጥበት ይገባበታል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ ቀለሙ ሲያብረቀርቅ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ።

የኔን ጉድ ልንገርህ። መኪናዋን ከፊትና ከኋላ በካቫሌቶ፣ ማለትም በብረት መደገፊያ፣ አንስቼ፣ መሀሏን ባዶ ትቼ፣ የግራውን ደፍ በግራይንደር ቆርጬ ጣልኩት። ዝገቱ ሲወጣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት የግራውን በር ልዘጋ ስል የበሩ የላይኛው ጫፍ ከኋላው አካል ጋር ተጋጨ። አካሉ መሀሉ ላይ ወርዶ፣ የበሩ ክፍተት ከላይ ጠቧል። አንድ ጣት ያህል የነበረው ክፍተት ጥፍር አያስገባም። ቀልቤ ተገፈፈ። በክሪክ ከሥር እየገፋሁ፣ እየለካሁ፣ እንደገና እየገፋሁ ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት እንዲህ አድርግ። በሮቹ በቦታቸው እያሉ ዝጋቸውና ዙሪያቸውን ያለውን ክፍተት ለካ። ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች፣ ከፊትም ከኋላም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አትጻፍ፣ ይጠፋል። የቀለም ቴፕ ለጥፈህ እዚያው ክፍተቱ አጠገብ ጻፈው። ከዚያ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ቆርጠህ የበሩ ማጠፊያ ካለበት ምሰሶ እስከ ቁልፉ ምሰሶ ድረስ አስረው። ሌላ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ አግድም። ቱቦላሬውን ወደ ውስጥ በኩል አድርገው፣ በሩ እንዲዘጋ። ብዙ ሰው በር መግቢያው መሀል ላይ ይበይደውና ሥራው እስኪያልቅ በሩን ሳይሞክር ይቀራል። ያኔ ማሰሩ ግማሽ ጥቅሙን አጣ ማለት ነው።

መኪናዋ በጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ ክብደቷ እኩል ተከፋፍሎ ትቁም። አንድ ጎን ብቻ ቁረጥ፤ ያንን ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። አካሉን ከወለሉ አትፍታ፤ ቡሎኖቹ እንደታሰሩ ይቆዩ፣ እንደ ቅርጽ መያዣ ያገለግሉሃል። አዲሱን ደፍ በሞርሳ ይዘህ በሩን ገጥመህ ዝጋ፣ ቴፑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያይ፣ ከዚያ በየድ። ጣሪያ ላለው ቮልስ የተሠራ ደፍ ገዝተህ ያንን የታችኛውን ማጠናከሪያ ሳትመልስ ከቀረህ ግን ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ።

አሁን ወደ ምርመራው። ካቻቢቴና በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያዝ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላይ ቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፤ እኔ አንዱ የኋላ ጥግ ላይ ውፍረቱ እንደ ብስኩት የሆነ አግኝቻለሁ። ካቻቢቴውን ጠንከር አድርገህ ውጋ። ብረቱ ከተሸነፈ ያ ብረት የለም ማለት ነው፤ ለዓይን ሙሉ ቢመስልም አትዘንለት። የኋላ ወንበሩን አንሳ፣ በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል እይ። አሲዱ መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። ምንጣፉን በሙሉ አውጣ። ሸራው ያፈሰሰው ውሃ ምንጣፍ ሥር ለወራት ይተኛል።

ብየዳውን በተመለከተ፣ የአካሉ ላሜራ ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያም የሳሳ ነው። በኤሌክትሮድ ከሞከርከው ቀዳዳ እያበዛህ ትውላለህ። በጋዝ የሚሠራ የሽቦ ብየዳ፣ 0.6 ሚሊሜትር ሽቦ ይሻልሃል። ቀጥ ብለህ አትሂድ፤ ነጥብ ነጥብ እያደረግህ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለልክ፣ እያቀዘቀዝክ። ካልሆነ ላሜራው እንደ ቺፕስ ይጨማደዳል። መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ተለማመድ። ዝገት ላይ ዝም ብሎ ላሜራ መለጠፍ የለም፤ ጤነኛ ብረት እስክታገኝ ቆርጠህ ግባ።

እዚህ ላይ ልቆጣህ ነው። ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንኩ፣ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው ያለው። ብየዳ ከመጀመርህ በፊት አውርደህ ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ራቅ አድርገህ አስቀምጠው። ባዶ ነው ብለህ አትዘናጋ፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ባትሪውንም ፍታ። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የነካው ብረት ላይ ስትበይድ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ብረቱን በሌላ ነገር አጽዳ።

ለትንንሽ ዕቃዎች፣ ማለትም ለማጠፊያ፣ ለመያዣና ለቅንፍ፣ ኤሌክትሮሊሲስ እወዳለሁ፤ ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ አሳልፎ ዝገት ማስለቀቅ ነው። ፕላስቲክ ባልዲ፣ ውሃ፣ የማጠቢያ ሶዳ፣ የባትሪ ቻርጀር። የዛገው ዕቃ ከቻርጀሩ ኔጌቲቭ ጋር፣ ቁርጥራጭ ብረት ከፖዘቲቩ ጋር። ቁርጥራጩ የማይዝግ ብረት እንዳይሆን፤ መርዛማ ክሮሚየም ይወጣዋል። ሃይድሮጂን ስለሚያመነጭ አየር ባለበት ቦታ፣ ከእሳት ርቀህ አድርገው። ጠዋት ስታወጣው ጥቁር ጭቃ የለበሰ ዕቃ ታገኛለህ፤ በብሩሽ ስትፈትገው ንጹህ ብረት ነው። ወዲያው ቀባው፣ አለበለዚያ ዓይንህ እያየ መልሶ ይዝጋል።

ሞተሩ? የመጨረሻ ጭንቀትህ ይሁን። ካንዴላዎቹን አውጣ፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ዘይት ጨምር፣ ጥቂት ቀን ተወው፣ ከዚያ በእጅህ አዙረው። በእጅ ሳይዞር በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) አታስነሳው። የፍሬን የጎማ ቱቦዎችን ደግሞ ደህና ቢመስሉም ቀይራቸው።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም። ባዶ ብረት ላይ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መሠረት)፣ ስቱኮው ከዚያ በላይ፣ ከቀለም በኋላ ደፉ ውስጥ ሰም የሚመስለውን የዝገት መከላከያ ርጭት። የመጨረሻውን ቀለም እኔ ለባለሙያ ሰጥቻለሁ። በማጠንከሪያ የሚቀላቀለው ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል መርዘኛ ኬሚካል አለበት፤ ተራ የአቧራ ማስክ አይመልሰውም። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ ጭራሽ አታስበው።

ሸራው በመጨረሻ ይገባል። የሸራው አጽም የሚስተካከለው አካሉ ቀጥ ካለ በኋላ ነው። የእኔዋ እስከ ዛሬ በቀኝ ጥግ በኩል ትንሽ ታንጠባጥባለች፤ ምክንያቱ የመጀመሪያው ቀን የቆረጥኩት ደፍ ይመስለኛል። ሁለት ሚሊሜትር ልዩነት አልመለስ ብሎ ቀርቷል።

ለማንኛውም ግራይንደሩን ገና አትሰካው። የሁለቱን በሮች ክፍተት ለክተህ ቁጥሮቹን፣ የባትሪውን ጥግ ደግሞ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ አካሉ ቀድሞውኑ ወርዷል ማለት ነው፤ ያኔ ከማሰርህ በፊት እንዴት እንደምታነሳው እነግርሃለሁ።