ፉርሽካ ላይ ያማረ ሻጋታ፣ ግን ትንሽ አሚሌዝ

ሰላም እህቴ። አስፐርጊለስ ኦራይዜ የተባለው ሻጋታ ፉርሽካ ላይ በደንብ ይበቅልልኛል፣ በአምስተኛው ቀን ስለካው ግን አሚሌዙ (ስታርች የሚሰብረው ኢንዛይም) እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ አንዳንዱ ፍላስክም ይሸታል ብለሻል። ሻጋታው አምሮ መታየቱ ኢንዛይሙ ብዙ ነው ማለት አይደለም። ፉርሽካው ግን ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ጆኪቺ ታካሚኔ በ1894 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት ዲያስቴዝም (ስታርች ሰባሪ ኢንዛይም) የተሠራው ይህንኑ ሻጋታ በስንዴ ፉርሽካ ላይ በማብቀል ነው።

ከውሃው ጀምሪ። ፉርሽካ ደረቅ ቢመስልም 10 በመቶ ገደማ እርጥበት አለው። ስለዚህ 100 ግራሙ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲገባ እርጥበቱ 55 በመቶ ይደርሳል፤ ለመነሻ ይበቃል። የስፖሩ (የሻጋታው ዘር) ብጥብጥ 10 ሚሊ ሊትር ከሆነ ቀድመሽ የምትጨምሪው 90 ብቻ ነው፤ ይቺ 10 ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ብጥብጡ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ያህል ስፖር ይኑረው። እፍኝ ያህል አንሥተሽ ጨብጪው፦ እጅሽን ስትከፍቺ ቅርጹን ይዞ ከቆየና በጣት ሲነካ ከፈረሰ ልክ ነው። በጣቶችሽ መሃል ውሃ ከወጣ በዝቷል። ያኔ የአየሩ ክፍተት በውሃ ይሞላል፣ ሻጋታው ላይ ላዩን ብቻ ይበቅላል፣ ሥሩን ባክቴሪያ ይወርሰዋል። ሽታው የአሞኒያ ከሆነና ፉርሽካው ከተዝለገለገ ባሲለስ የተባለውን ባክቴሪያ ጠርጥሪ። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) ከማስገባትሽ በፊት ውሃው እስኪሰርግ ጠብቂ፣ በ121 ዲግሪም 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ደረቅ የቀረ ጉብታ ውስጥ ያለ የባክቴሪያ ስፖር አይሞትም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ኢንኩቤተሩ 30 ቢልም ሻጋታው ራሱ ስለሚያሞቅ የወፍራም ክምር መሃል ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በ24ኛው ሰዓት አካባቢ ነጩ ድር ፉርሽካውን እንደ ድፎ አያይዞት ታገኚዋለሽ፤ ፍላስኩን መታ መታ አድርገሽ በትኚው።

አምስተኛ ቀን ደግሞ ይረፍዳል። አረንጓዴው ስፖር ሲለብስ ሻጋታው የሚያወጣው ፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም) አሚሌዙን መብላት ይጀምራል። ብዙ ትንንሽ ፍላስኮች አዘጋጅተሽ ከ48 እስከ 120 ሰዓት በየ24 ሰዓቱ አንድ አንድ ክፈቺ፣ አሚሌዙ ከሁሉ በላይ የሚሆንበትን ሰዓት ራስሽ ታገኚዋለሽ። ስፖር ሲያወጣ ያለ ማስክ አትክፈቺ። ዘሩንም ከታወቀ ስብስብ ውሰጂ እንጂ ከሻገተ እህል አትልቀሚ፤ አፍላቶክሲን የሚያመነጨው አስፐርጊለስ ፍላቨስ በዓይን አይለይም።

ኢንዛይሙን ለማውጣት ሻጋታው ከበቀለበት ፉርሽካ 5 ግራሙን በ50 ሚሊ ሊትር አሴቴት በፈር (ፒኤች 5) 30 ደቂቃ ናጪው፣ በሻሽ ጭመቂው፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ሴንትሪፊውጅ። ልኬቱ ላይ ጭማቂው የራሱ ስኳር ስላለው ለብላንኩ (ለማነጻጸሪያው ናሙና) ዲኤንኤሱን (ስኳር የሚለካበትን ኬሚካል) ከኢንዛይሙ አስቀድመሽ ጨምሪ። ጭማቂውንም ሳታቀጥኚ ለክተሽ ከሆነ ስታርቹ ቶሎ አልቆ ኢንዛይሙ ትንሽ መስሎ ሊታይሽ ይችላል። 10፣ 50 እና 100 እጥፍ አቅጥነሽ ለኪ፤ ውጤቱ በቅጥነቱ ሲባዛ እየጨመረ ከሄደ ያነሰው ኢንዛይሙ ሳይሆን ስታርቹ ነው።