ስለ ሕብለ ሰረሰር «ስካፎልድ» ጠይቁኝ

ሰላም ወገኖች። ሥራዬ ሰውነት ውስጥ የሚሟሙ ፖሊመሮችን፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት ከተያያዙ ትናንሽ ሞለኪውሎች የሚሠሩ ነገሮችን፣ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የኤምአርአይ ፎቶ አትላኩልኝ።

ሰሎሜ፦ ስካፎልድ ማለት ምን ማለት ነው?

ሕንፃ ሲሠራ የሚቆመውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ አስቢ። ሕብለ ሰረሰር፣ አከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ሲጨፈለቅ መሐሉ ፈሳሽ የሞላው ጉድጓድ ይሆናል፤ ዙሪያውን ጠባሳ ያጥረዋል። የነርቭ ክር ባዶ ቦታ አይሻገርም፤ የሚረግጠው ይፈልጋል። ስለዚህ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር እዚያ ይቀመጣል።

ሀብታሙ፦ ከምንድን ነው የሚሠራው?

አሁን መጣችሁልኝ! ከኮላጅን፣ ማለትም ከሰውነት ፕሮቲን፣ የሚሠራ አለ፤ ከሃይድሮጄል፣ ማለትም ውሃ ከያዘ ለስላሳ ጄል፣ የሚሠራም አለ። የኔ ፒኤልጂኤ ነው። ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ተሰናስለው የሚሠራ ፖሊመር ነው፤ የሚሟሟው የቀዶ ጥገና ክርም ከዚሁ ዘር ነው። ውሃ ሰንሰለቱን ቀስ እያለ ይበጣጥሰዋል። የሁለቱን መጠን ስትለዋውጡ ዕድሜው ከሳምንታት እስከ ወራት ይሄዳል። ባለፈው አንዱን ናሙና 37 ዲግሪ ጨዋማ ውሃ ውስጥ አቆይቼ በመቆንጠጫ ሳነሳው እንደ ራሰ እንጀራ እጄ ላይ ተበጣጠሰ። ቶሎ ከሟሟ ክሩ ሳይሻገር ድልድዩ ፈረሰ ማለት ነው። ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሕብለ ሰረሰር እንደ ለጋ ቅቤ ነው፣ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፈገፍገዋል።

ዳዊት፦ ሰው ላይ ተሞክሯል?

አዎ። ኢንቪቮ ቴራፒዩቲክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 አሪዞና ውስጥ ስካፎልዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ አስቀመጠ። በዚያ ጥናት 19 ሰዎች ገቡ። ከተገመገሙት 16 ውስጥ 7ቱ በስድስት ወር በጉዳት መለኪያው አንድ ደረጃም ቢሆን ተሻሻሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ማነጻጸሪያ ቡድን፣ ማለትም ስካፎልዱ ያልገባላቸው ተመሳሳይ ታማሚዎች፣ ግን አልነበረም! ምንም ሳይደረግላቸው የሚሻሻሉ ሰዎች አሉ እኮ። ቀጥሎ 20 ሰዎች ይዘው በማነጻጸሪያ ሲሞክሩት፣ በ2023 ዋናውን ግብ እንዳልመታ ተናገሩ። በ2024 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት ሲነግሯችሁ ኪሳችሁን ያዙ።

ብርቱካን (ሐይፋ)፦ እዚህ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሽባ የሆኑትን አስነሥተዋል ተብሎ ነበር።

አይጦችን ነው።

ዮናስ፦ የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የ2021 መርፌስ?

እሱም አይጥ። በመርፌ የሚገባው ጄል ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ራሳቸው መንቀሳቀሳቸው ግን ደስ የሚል ሐሳብ ነው። በአራት ሳምንት አይጦቹ ተራመዱ። የአይጥ ጉዳት የሚሊሜትር ጉዳይ መሆኑን አትርሱ።

ገረመው፦ ይሄ ሁሉ ፖሊመር ምን ያደርጋል? እኛ ሰፈር ያሉት ወጌሻ ስንቱን አስነሥተዋል።

ዳዊት፦ ያ አጥንት ነው ጋሼ፤ ነርቭ አይደለም።

ገረመው፦ አንተ ነህ የምትነግረኝ? ዓይኔ ያየውን!

ሰሎሜ፦ ጠበል የዳኑም አሉ።

ዮናስ፦ ደግሞ ጠበል ከወጌሻ ጋር ምን አገናኘው?

ተዉ እንጂ! እምነታችሁን አልነካም። የተሰበረ አከርካሪ ግን አይታሽም፣ አይጎተትም። በቃ።

ሀብታሙ፦ መቼ ነው ለሕዝብ የሚደርሰው?

ከላይ ያለውን አንብብ።

እህተ ማርያም፦ ወንድሜ፣ ታናሽ ወንድማችን ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ከወደቀ ሁለት ዓመቱ። ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ ስካፎልድ ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ከሚችል ሴል) ጋር እናስገባለታለን ብሎ ብዙ ዶላር ጠየቀን። ቤቱን ልንሸጥ ነው።

እህቴ፣ አትሽጡ። ሙከራ ከሆነ ታማሚው ሕክምናውን አይገዛም። የነገርኳችሁ የኢንቪቮ ጥናት ራሱ ከተጎዱ ቀናት ብቻ የሆናቸውን ነበር የሚቀበለው፤ የሁለት ዓመት ጉዳት ሌላ ነገር ነው። የማነጻጸሪያ ውጤታቸውን ጠይቂያቸው፤ ቪዲዮ ከላኩልሽ ዝጊው።

ሀብታሙ፦ በግምት እንኳ ስንት ዓመት?

ሀብታሙ!

እህተ ማርያም፦ እሺ ወንድሜ። ወገቡ ሥር ቀላ ያለ ነገር አይተናል፤ ቁስል አይደለም ገና።

ይሄ ከመተኛት የሚመጣ ቁስል መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ከስካፎልዱ ይቀድማል። ነገ ሐኪም ይየው። እስከዚያ በዚያ ቦታ እንዳይተኛበት፤ አትሹትም። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፤ ሌሊትም ጭምር።

እህተ ማርያም፦ ሌሊት እኔና እማዬ ተራ እንገባለን።