«ጊቭ አፕ» ሁልጊዜ «ተስፋ ቆረጠ» ነው?

ጥያቄ፦ «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ» የሚለውን እንግሊዝኛ «ከማጨስ ተስፋ ቆረጠ» ብዬ ብተረጉመው ተሳቀብኝ። መዝገበ ቃላቱ ግን «ጊቭ አፕ፦ ተስፋ ቆረጠ» ይላል። የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ አንዱን ፍች ሰጥቶ ዘጋው እንጂ። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር የሰማ ሰው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ሲጋራ ያጣ ምስኪን ነው የሚታየው። «ተስፋ» ከግእዙ «ተሰፈወ» የወጣ ነው፤ ጠበቀ፣ ተመኘ ማለት ነው። የሚጠበቅ ነገር ከሌለ ምኑ ይቆረጣል? «ቆረጠ» ብቻውን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ቆርጦ ተነሣ» የተባለ ሰው በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ተሳቢውን ይመልከቱ። ልማድ ከሆነ «ተወ»፣ ወንበር ከሆነ «ለቀቀ»፣ ተፈላጊ ራሱን ለፖሊስ ከሆነ «እጁን ሰጠ»። «ኦን» ተጨምሮ ሰው ከተከተለ ያኔ «በልጁ ተስፋ ቆረጠ» ይሆናል። ለሲጋራ ሰው ሁሉ «አቆመ» ይላል። እኔ አልወደውም፤ የቆመ ነገ ይሄዳል። ይሁን፣ «አቆመ» አሸንፏል፤ ስሕተት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም።

«አፕን ወደ ላይ በሉት፣ ትርጉሙ ራሱ ይመጣል» የሚሉ አሉ። ከየት ይመጣል? «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ በላ፣ «ዩዝ አፕ» አሟጦ ጨረሰ ነው፤ ላይም ታችም የለበትም። «ብድግ አለ»ን ገንጥሎ «ብድግ» ለብቻው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አማርኛ ተናጋሪ አለ?

ስትጽፉ የሚያሰናክሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ከኋላው «ስሞኪንግ» ይከተላል፣ «ቱ ስሞክ» አይከተልም፤ የእኛ «ማጨስ» ለሁለቱም ስለሚሆን ጆሯችን አይለያቸውም። ተውላጠ ስም ደግሞ መሃል ይገባል፦ «ጊቭ ኢት አፕ»፤ «ጊቭ አፕ ኢት» አይባልም።

የወጣቶቹ «ጊቭ አፕ አደረግሁ» ይጎረብጠኛል፤ «ቼክ አደረግሁ»ን አስገብቶ እሱን በር ላይ ማስቀረት ግን አልተቻለም። ቢያንስ በእንቆቅልሽ ጨዋታ ላይ አይምጡብን። «እንቆቅልህ» ተብሎ «ምን አውቅልህ» ያለ ሰው መልሱ ሲጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎጃምን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል።