መልስ፦ ፌቤን፣ ዩንያ እና «እናት» የተባለው መንፈስ ቅዱስ

እህቴ፣ በጥንቱ ክርስትና ሴቶች ይመሩ ነበር ወይ፣ መንፈስ ቅዱስስ በሴት አንቀጽ ይጠራ ነበር ወይ ላልሽው፣ ሁለቱም መሠረት አላቸው። ሮሜ 16ን ክፈቺ። ፌቤን በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አገልጋይ» ተብላለች፤ ግሪኩ ግን «ዲያኮኖስ» ነው የሚለው፣ የእኛ «ዲያቆን» የመጣበት ቃል። ጳውሎስ ራሱንም ይጠራበታል። ቁጥር 7 ላይ ያለችውን ዩንያን ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅ ሐዋርያ ለመባል የበቃች ሴት ብሎ አድንቋታል (ሴቶችን መገሠጽ የሚቀናው እሱ!)።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ፣ በሱርስት (በጥንት የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ) «ሩሐ»፣ ማለትም «መንፈስ»፣ አንስታይ ናት። የ4ኛው ክፍለ ዘመኑ የፋርስ ጸሐፊ አፍራሃት እግዚአብሔርን አባት፣ መንፈስ ቅዱስን እናት ይላል። ግን አትቸኩይ፤ እኛም «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፣ ሰዋስው ብቻውን ዶግማ አይሆንም። ኋላ ላይ የሱርስት ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ወደ ተባዕት አዙረውታል።