ፎርሙላው ባቡሩ መቆሙን አያውቅም

የፈተና ሰሞን የሰፈር ልጆች የፊዚክስ የእንቅስቃሴ ጥያቄ ያለበት ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛው ፎርሙላ ነው?» እኔ በጡረታ ያለሁ የባቡር መካኒክ ነኝ እንጂ የፊዚክስ መምህር አይደለሁም። ምክሬም ከፍሬን በኩል ነው።

አቦ፣ ረጋ በሉ። ፎርሙላ ከመምረጣችሁ በፊት ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ድሬዳዋን በ1895 ዓ.ም. የቆረቆራት ባቡር ነውና ምሳሌውም ከእሱ ይሁን። ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን አቅጣጫ ፖዘቲቭ በሉት፣ ወደ አዲስ አበባ ያለውን ኔጌቲቭ። ብትገለብጡትም ግድ የለም፤ መሀል ላይ አትቀይሩት እንጂ። (የደንገጎን መንገድ ለዚህ ትምህርት አታስቡት። እዚያ ቀጥ ያለ ነገር የለም።)

መለኪያውንም አስተካክሉ። ኪሎ ሜትር በሰዓት ለ3.6 ሲካፈል ሜትር በሰከንድ ይሆናል።

አሁን ባቡሩ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። በሰከንድ 20 ሜትር ማለት ነው። ነጂው ፍሬን ያዘ። ቬሎሲቲው (ፍጥነቱ ከነአቅጣጫው) በየሰከንዱ በ0.5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። 20 ለ0.5 ሲካፈል 40 ነው፤ በ40 ሰከንድ ይቆማል። አክስለሬሽኑ (ቬሎሲቲው በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስለማይለዋወጥ አማካይ ቬሎሲቲው የ20 እና የ0 መሀል ነው፣ 10። በ40 ስናባዛው 400 ሜትር። እስካሁን ፎርሙላ የሚባል ነገር አልጠራንም።

ያው ባቡር በ36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢሄድስ? በሰከንድ 10 ሜትር ነው፤ መቆሚያው 20 ሰከንድ፣ አማካዩ 5፣ ርቀቱ 100 ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መቆሚያው አራት እጥፍ ይረዝማል። ባጃጅ የምትነዱ ልጆች ይህችን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል።

ወደ ፎርሙላው እንምጣ። ርቀቱን የሚሰጠው ይህ ነው፦ የመነሻ ቬሎሲቲ በጊዜ ተባዝቶ፣ ሲደመር የአክስለሬሽን ግማሽ በጊዜ ስኩዌር። ሸምድዳችሁታል። ጊዜውን 80 ሰከንድ አድርጋችሁ አስገቡት፤ አክስለሬሽኑ ኔጌቲቭ 0.5 ነው። 1,600 ሲቀነስ 1,600፣ ዜሮ! ባቡሩ ፍሬን ወደ ያዘበት ቦታ ተመልሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍሬን በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ፣ ፎርሙላው አክስለሬሽኑ ሳያቋርጥ እንደቀጠለ ነው የሚያስበው። ፍሬን ደግሞ ባቡሩ ሲቆም ሥራውን ይጨርሳል። ድንጋይ በሰከንድ 19.6 ሜትር ወደ ላይ ብትወረውሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2 ሰከንድ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ይቆማል፤ የመሬት ስበት እዚያም ላይ በ9.8 መሳቡን አይተውም። የአየሩን ግጭት ከተውነው በ4ኛው ሰከንድ እጃችሁ ላይ ነው። እዚህ መመለሱ እውነት ነው። ስለዚህ አክስለሬሽኑን ምን እንዳመጣው፣ እስከ መቼም እንደሚቆይ ጠይቁ።

ኔጌቲቭ ምልክት ስታዩም ሁሌ «ቀዘቀዘ» አትበሉ። ወደ ፊት ያለውን ፖዘቲቭ ካልን፣ ወደ ኋላ እየሄደ ነዳጅ የሚሰጥ ባጃጅ ቬሎሲቲውም አክስለሬሽኑም ኔጌቲቭ ነው፤ እየፈጠነ ነው።

አንድ ለልምምድ፦ ባቡር ከቆመበት ተነስቶ ለ50 ሰከንድ በ0.4 አክስለሬሽን ሄደ። ከዚያ ለ2 ደቂቃ ፍጥነቱን ሳይቀይር ነጎደ፣ በመጨረሻም በ0.5 ፍሬን ይዞ ቆመ። ጠቅላላ ርቀቱ 3,300 ሜትር ነው። በአንድ ፎርሙላ ጨረስኩት የሚል ካለ ደብተሩን ይዞ ይምጣ።