ለማዞር ደግሞ ፊዚዮቴራፒ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ52 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ጠዋት ቤቱ ከነጣሪያው ዞረብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እያስመለሰኝ ከአልጋ አልወረድኩም። ጆሮዬ ግን በደንብ ይሰማል። የአንገት በላይ ሐኪም አይቶኝ «የውስጥ ጆሮ ነርቭ ተቆጥቶ ነው» አለና ሲናሪዚን አዘዘልኝ። ከባዱ አለፈ። አሁንም ግን ዞር ስል ያንገዳግደኛል፤ ገበያ ውስጥ ይብስብኛል። እንዳልወድቅ ብዬ አንገቴን እንኳ አላዞርም። ክኒኑንም እየዋጥኩ ነው። ሰሞኑን ፊዚዮቴራፒ ሂጂ ተባልኩ። እሱ ለወገብ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ለወገብ ብቻ አይደለም። እርስዎ አሁን ላሉበት ደረጃ ከክኒኑ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፣ ከመስሚያው ክፍል ጎን፣ የራስን መዞር የሚለኩ ሦስት ትንንሽ ቱቦዎች አሉ። የቀኙና የግራው መልእክት እኩል ሲሆን አንጎል ዝም ብለን እንዳለን ያውቃል። የአንዱ ነርቭ ሲቆጣ መልእክቱ ይዛባል፤ ተኝተውም እየተሽከረከሩ ይመስልዎታል። የሦስት ቀኑ ስቃይ ይሄ ነበር። ነርቩ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ግን አንጎል ጉድለቱን ይላመዳል፤ ዓይንና እግር በሚነግሩት ላይ እየተደገፈ ሚዛኑን እንደገና ያስተካክላል። የሚላመደው ግን ራስ ሲንቀሳቀስ ነው። አንገትዎን ይዘው ከተቀመጡ መላመጃ ያጣል።

ፊዚዮቴራፒው ይህን መላመድ የሚያፋጥን የራስ ማንቀሳቀሻ መልመጃ ነው። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሐኪሞች የሚንቀሳቀሱት ታካሚዎች ከተኙት ቶሎ እንደሚሻላቸው አይተው ነው መልመጃዎቹን ያዘጋጁት።

ክኒኑን በተመለከተ፣ ሲናሪዚን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጥሩ ነው። ለወራት ሲወሰድ ግን መላመዱን ያዘገያል፣ ያፈዛል፤ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ እጅ ማንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ሊያመጣ ይችላል። ከፋርማሲ ራሱ እየገዛ የሚቀጥል ሰው ብዙ ስለሆነ ያሳስበኛል። ያዘዘልዎትን ሐኪም አነጋግረው ያቁሙት።

አሁን ወደ መልመጃው። ወረቀት ላይ «ሀ» ብለው ይጻፉና በዓይንዎ ትክክል ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። አንድ ሜትር ያህል ርቀው፣ መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይንዎን ከፊደሉ ሳያነሱ ራስዎን በትንሹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያወዛውዙ። ፊደሉ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ከደበዘዘ ወይም ከዘለለ ፍጥነቱን ይቀንሱ። አንድ ደቂቃ ይሥሩ፣ ይረፉ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ይድገሙት። በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ። ሲለምዱት ቆመው ይሠሩታል፤ ቀጥሎ እግርዎን ገጥመው፤ በኋላም እየተራመዱ። ቆመው ሲሠሩ ግድግዳ አጠገብ፣ ሰው ባለበት ይሁን።

ሲሠሩ ትንሽ ያዞርዎታል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ እባክዎ አያቋርጡ። ቀለል ያለ ማዞር ከመጣና ካረፉ በኋላ ቶሎ ከለቀቀዎት፣ መጠኑ ልክ ነው። ሲውል ሲያድር የማይለቅ ከሆነ በዝቷል። ፊዚዮቴራፒስት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ መጠኑን እያየ ያስተካክልልዎታል። ሁሉም በማዞር ላይ ስላልሠለጠኑ ግን ሲሄዱ ይጠይቁ። ለውጡ በሳምንታት ነው የሚታየው።

ሌሎች አንባቢዎች ይህን ልብ በሉ። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ብቻ የሚመጣ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ማዞር ሌላ ነው። ጆሮ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ተነቅለው ቱቦው ውስጥ ሲገቡ ይከሰታል። «ደም ማነስ ነው» ተብሎ አይረን የሚዋጥለት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መድኃኒቱ ኤፕሊ የሚባል ራስን በተለያየ አቅጣጫ እያዞሩ ቅንጣቶቹን የመመለስ ዘዴ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይድናል። የታመመው የትኛው ጆሮ እንደሆነ መታወቅ ስላለበት የመጀመሪያውን ባለሙያ ይሥራው።

ከማዞር ጋር አንደበት ከተሳሰረ፣ ዓይን ነገርን ሁለት አድርጎ ካየ፣ አንድ ወገን ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ ያልተለመደ ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ጨርሶ መቆም ካቃተ፣ ወይም አንዱ ጆሮ ድንገት መስማት ካቆመ ግን ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እርስዎ በጻፉልኝ ውስጥ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም።