በአሜሪካ የእንጨት ቤት፣ በእኛ ዘንድ የብሎኬት ቤት፤ ለምን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አሜሪካ ያለች የእኅቴ ልጅ የምታሠራውን ቤት ፎቶግራፍ ላከችልን፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን እንጨት ብቻ ነው። በእኛ አገር አቅም ያነሰው በእንጨትና በጭቃ፣ ያለው ደግሞ በብሎኬት ይሠራል። ታዲያ ሀብታም አገር እንዴት በእንጨት ይሠራል? እኔም በገጠሩ የቤተሰብ ይዞታችን ላይ ቤት ለመሥራት አስቤያለሁ፤ የደረሰ ባሕር ዛፍም አለኝ። በእርሱ ብሠራ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቤት መሥሪያ ከሀብት ይልቅ በአካባቢው የሚገኘውን ነገር፣ የሠራተኛውን ዋጋና ባለሙያው የለመደውን ሙያ ይከተላል። ሰሜን አሜሪካ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ለመጋዝ የሚመች የጥድ ዓይነት ደን በሰፊው አለው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በቺካጎ አካባቢ በማሽን የተሰነጠቀ እንጨትና በፋብሪካ የተመረተ ርካሽ ምስማር በተገናኙ ጊዜ፣ ቀጫጭን እንጨቶችን በምስማር ብቻ አያይዞ ቤት ማቆም ተስፋፋ። ወፍራም ምሰሶ የሚጠርብ ልምድ ያለው አናጢ ሳያስፈልግ ጥቂት ሰዎች አንድን ቤት በአጭር ጊዜ ያቆሙት ጀመር። ጉልበት ውድ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ድንጋይ የሚጠርበውና ብሎኬት የሚደረድረው እጅ ከሲሚንቶው ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ስለሆነ ስሌቱ ይገለበጣል።

በፎቶግራፉ ላይ ያዩት እንጨት ውፍረቱ 4፣ ወርዱ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይቆማል። ከመሸጡ በፊት በምድጃ ይደርቃል፤ በውስጡ የሚቀረው እርጥበት በአብዛኛው ከ19 በመቶ አይበልጥም። ከውጭ በኩል የእንጨት ሰሌዳ ይመታበታል፤ በቋሚዎቹ መካከል ብርድ የሚከላከል የመስታወት ጥጥ ይሞላል፤ ከውስጥ ጂፕሰም ቦርድ ይለብሳል። ስለዚህ ሸክሙንና ነፋሱን የሚችለው ቋሚው ለብቻው ሳይሆን ቋሚው፣ ሰሌዳውና ምስማሩ አንድ ላይ ሆነው ነው። የእኅትዎ ልጅ ቤት ሲያልቅ ያ ሁሉ እንጨት ከዓይን ይሰወራል።

ሆኖም አሜሪካም ቢሆን ሁሉ በእንጨት አይሠራም። ምስጥና ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በሚያስቸግሩት በፍሎሪዳ ግዛት የብሎኬት ግድግዳ የተለመደ ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1666 በእሳት ከጋየች በኋላ ደግሞ በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ። ከምድራቸው አብዛኛው ደን የሆነው ስዊድንና ፊንላንድ ግን ከእንጨት አልወጡም። የምድር መንቀጥቀጥ የማያጣት ጃፓን ያየችው ደግሞ ሁለቱንም ወገን የሚያስተምር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የቶኪዮ አካባቢ ሲናወጥ ከባዱ የጡብ ሕንፃ ፈረሰ፤ ተከትሎ የተነሣው እሳት ግን የእንጨቱን ሰፈር በላው።

ወደ ጎጃም ስንመለስ፣ ድንጋይ ከጥንትም አልጠፋንም። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድልድይና የመርጡለ ማርያም የጥንቱ ሕንፃ ፍርስራሽ በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ኖራ ማቃጠል ብዙ ማገዶና ባለሙያ ስለሚጠይቅ፣ ተራው ሰው በቋሚ፣ በማገርና በጭቃ ምርጊት ኖረ። ቀድሞ ቋሚው የሐበሻ ጥድ ወይም ወይራ ነበር፤ እነዚህ እየተመናመኑ ሲሄዱ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቦታቸውን ወሰደ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ጠንካራም ነው፤ ሲሰነጠቅና ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይተረተራል። ለዚህ ነው እንደ አሜሪካው ጣውላ ሳይሆን በክቡ የሚሠራበት።

በእኔ ግምት የእንጨት ቤታችንን ስም ያጠፋው እንጨቱ ሳይሆን የቋሚው እግር ነው። ርጥብ ባሕር ዛፍ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲቀበር፣ ከአፈር በላይና በታች ያለችው ያቺ አንድ ስንዝር በክረምት ትርሳለች፣ በበጋ ትደርቃለች፤ ምስጡም የሚገባው በእርሷ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡት ሰዎች ጥቂት ዓመት ይገዙ ይሆናል እንጂ መበስበሱን አያስቀሩትም። የተረፈው የቋሚ ክፍል ሲታይ ብዙ ጊዜ እንደ ደህና እንጨት ነው።

ስለዚህ ባሕር ዛፍዎን መጠቀም ያዋጣዎታል፤ ግን ቆርጠው ወዲያው አይትከሉት። ልጡን ልጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ደርድረው በጥላ ሥር ያድርቁት። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት አሠርተው ቋሚዎቹን በእርሱ ላይ ያቁሙ፤ መንቀሳቀስ እንዳይችሉም ከሥርና ከላይ በአግዳሚ እንጨት ይሰሯቸው። የቆርቆሮውን ክዳን ጠርዝ ከግድግዳው ዘለግ አድርገው ያስወጡት፤ የሐምሌ ዝናብ ምርጊቱን እንዳያጥበው ይረዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ስለሚለቅ ለደጋው ብርድም ይስማማል።

ብሎኬት ከመረጡ ደግሞ አስቀድመው አፈሩን ይመልከቱ። ቦታዎ በምሥራቅ ጎጃም በብዛት የሚገኘው ጥቁር የዋልካ መሬት ከሆነ፣ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ጥልቀት የሌለውን መሠረት ያንቀሳቅሰዋል፤ ግድግዳውም ይተረተራል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ለብሎኬቱ ከሚያወጡት ገንዘብ በፊት ዋልካው እስኪያልቅ ለሚቆፈረው መሠረት ያለውን ወጪ ለግንበኛዎ አስልቶ እንዲነግርዎ ይጠይቁት።